ስለ ጥንት ብረት አቅላጮችና ምድር ስለ ጠበቀችላቸው ታሪክ

በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለተሰበሰቡት ምእመናን የተነገረ ንግግር



በዛሬው በዓል በቤተ ክርስቲያኑ ዐደባባይ የታየውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ያስተዋለ ሰው ሳያደንቅ አይቀርም። ካህኑ የሚባርክበት መስቀል፥ የዕጣኑ ጢስ የሚወጣበት ጽና፥ መዘምራን የሚያንሿሹት ጸናጽል፥ ሕዝቡን ከሩቅ የሚጠራው ደወል፥ የበሩም ቍልፍ፥ ይህ ሁሉ ከእሳት የወጣ፥ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ወይም በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ስንዴ እንኳ የበቀለው ማረሻ በገለበጠው መሬት፥ የታጨደውም በብረት ማጭድ ነው። ብረት ሠሪ ከሌለ ገበሬ የለም፤ ገበሬ ከሌለም ደብር አይተከልም።

ነገር ግን የአድባራት ታሪክ በተጻፈበት ብራና ላይ ጕልት የሰጠው ንጉሥ፥ ያሠራው መኰንን፥ ያስተዳደረው አለቃ ስማቸው ሲገኝ፥ መስቀሉን የሠራው አንጥረኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ማረሻውን የቀጠቀጠው ሰውማ ከቶ አይታሰብም። ታዲያ የዚህ ሰው ታሪክ ፈጽሞ ጠፍቶ ቀርቷልን? አልጠፋም። የተጻፈው ግን በብራና ሳይሆን በመሬት ውስጥ ነው፤ ቀለሙም ከሰልና የብረት አር ነው። ይህን ጽሕፈት ማንበብ የሚያስተምረው ጥበብ አርኬኦሎጂ ይባላል፤ ይኸውም የቀድሞ ሰዎች ትተውት የሄዱትን ቅሪት ከመሬት ውስጥ በሥርዓት እያወጡ፥ እየለኩና እየመዘገቡ ኑሯቸውን የሚመረምሩበት ትምህርት ነው። ነገሩ ለጐጃም ሰው ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ በታች በየተራው ይነገራል።

በመጀመሪያ ብረት ከምን እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። የጐጃም ደጋ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቆ በረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። የጮቄ ተራራም ራሱ 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው፥ ዛሬ የበረደ እሳተ ገሞራ ነው። ይህ ጥቍር ድንጋይ ከዝናብና ከፀሐይ ብዛት የተነሣ እየተበላ ሲሄድ ሌላው ነገር ታጥቦ ይወርዳል፥ ብረቱ ግን ይቀራል። የቀይ አፈር ቅላትም ከዚሁ ከብረት ዝገት የመጣ ነው። አፈሩ በአንዳንድ ስፍራ እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ የጥንት አቅላጮችም የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ቀይና ከባድ ድንጋይ ነበረ።

አቅላጩ ድንጋዩን ሰብሮ በእሳት ያደርቀዋል። ከጭቃ ምድጃ ሠርቶ ድንጋዩንና ከሰሉን እያፈራረቀ ይጨምርበታል። በግርጌውም በሸክላ ቱቦ የወናፉን ነፋስ ያስገባል። እሳቱ እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ በድንጋዩ ውስጥ ያለው አሸዋና ጭቃ ከጥቂት ብረት ጋራ ቀልጦ እንደ ማር ይፈሳል። ብረቱ ራሱ ግን ለመቅለጥ 1,538 ዲግሪ ስለሚያስፈልገው አይቀልጥም፤ ከከሰሉ በሚወጣው አየር ኀይል ከድንጋዩ ተለይቶ፥ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ በምድጃው ውስጥ ይቀራል። ይህን ጓል ደጋግመው እያጋሉ በመስፍ ላይ ሲቀጠቅጡት ቆሻሻው ይወጣና ጥሩ ብረት ይሆናል። ወርቅ ግን በ1,064 ዲግሪ፥ መዳብም በ1,085 ዲግሪ ስለሚቀልጡ በትንሽ ማቅለጫ አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ይቻላል። ስለዚህ የብረት ሠሪውና የወርቅ ሠሪው ሥራ እጅግ የተለያየ ነው፤ በመሬት ላይ ትተውት የሚሄዱትም ምልክት እንደዚሁ ይለያያል።

ከምድጃው ፈሶ የሚረጋው ጥቍርና ከባድ ዝቃጭ የብረት አር ይባላል። ብረቱ በዝገት ያልቃል ወይም ዳግመኛ ተቀጥቅጦ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ምድጃው በዝናብ ይፈርሳል፤ የብረት አር ግን አይበሰብስም፥ የሚፈልገውም ሰው የለም። ስለዚህ ሺህ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ማረሻ ሲነካው ብቅ ይላል። ገበሬውም ተራ ድንጋይ መስሎት ወደ ድንበሩ ይወረውረዋል። ለመርማሪው ሊቅ ግን ያ ጥቍር ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው።

ከዚህ ገጽ የሚነበበው ነገር ብዙ ነው። በመጀመሪያ መልኩ ይታያል። እንደ ገመድ ተጠማዞ የፈሰሰ ከሆነ በስፍራው ድንጋይ ቀልጧል ማለት ነው። ከታች እንደ ጽዋ የጐበጠ፥ ከላይ ግን ሜዳ የሆነ ጓል ከተገኘ ደግሞ በዚያ የነበረው የአንጥረኛ ምድጃ ነው፤ ብረቱም ከሌላ ስፍራ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛም ክምችቱ ተለክቶ ስንት ሰው፥ ስንት ዘመን እንደ ሠራበት ይገመታል። ለቤተ ዘመድ ብቻ የሠራና ለንጉሥ ሠራዊት የሠራ ሰው የሚተዉት ክምር አንድ አይሆንምና።

ሦስተኛም በብረት አር ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ከሰል ይገኛል። በፈረንጅ ቍጥር በ1949 ዊላርድ ሊቢ የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ እንደ አሳየው፥ በሕይወት ያለ ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር አለበት፤ ከሞተ በኋላ ግን ይህ ነገር በ5,730 ዓመት በእኩሌታ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረውን በመለካት እንጨቱ መቼ እንደ ተቈረጠ ይታወቃል። በዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዕድሜው ብዙ ከሆነ ዛፍ ግንድ ልብ የወጣ ከሰል ከሥራው ቀን ይልቅ የራቀ ዘመን ይናገራልና፥ መርማሪው ቀጭን ቅርንጫፍ ይመርጣል። ያው ከሰል በአጕሊ መነጽር ሲታይ ወይራ ወይም ጥድ ወይም ግራር እንደ ነበረ ይለያል። የላይኛው የክምር ድርብ ከታችኛው ጋራ ሲነጻጸርም፥ ጫካው እየሳሳ እንደ ሄደና እንዳልሄደ ይገለጣል። እንግዲህ የብረት ታሪክ የደን ታሪክ ደግሞ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የማግኔት ሥራ ነው። የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ቀጭን ፍንጣሪ ይበራል። ይህን ፍንጣሪ ማንም አይለቅመውም፤ በወደቀበት ተረግጦ ይቀራል። መርማሪው የጥንቱን ወለል በትንንሽ ክፍል ከፍሎ አፈሩን በማግኔት ቢፈትነው፥ ፍንጣሪው እጅግ የበዛበት ስፍራ መስፉ የቆመበት ነው። እንዲሁ አንጥረኛው የተቀመጠበት፥ ወናፍ ነፊው የነበረበት ስፍራ ከመቶ ዓመታት በኋላ ይታወቃል። መስፉ፥ መዶሻውና ጕጠቱ ከጠፉ በኋላ ትንሹ ፍንጣሪ ይመሰክራል።

እንግዲህ ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ ምን አሳየ? በትግራይ በየሐ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ሺህ ዓመት የተሠሩ የነሐስ ዕቃዎች ተቈፍረው ወጥተዋል፤ ከነዚያም ውስጥ ፊደል የተቀረጸባቸው ምልክቶች አሉ። በአክሱም በፈረንጅ ቍጥር በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ጓድ ሐውልቶቹንና ጽሕፈቶቹን መዘገበ። በ1974 ኔቪል ቺቲክ፥ ከ1993 እስከ 1997 ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን ባደረጉት ቍፋሮ የጡብ ቅስት ባለው መቃብር ውስጥ ብዙ የብረትና የነሐስ ሥራ ተገኘ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜም በገንዘቡ ላይ ከነበረው ጨረቃ ፋንታ መስቀል እንዲቀረጽ አደረገ፤ ያንን መስቀል በቅርጹ ላይ የቀረጸው ግን አንጥረኛ ነው።

ስለ ብረት የተጻፈ ምስክርም አለ። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጕዞ የሚባለው የግሪክ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች ውስጥ ለጦር የሚሆን ብረትና ከህንድ የሚመጣ ብረት ይቈጥራል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ኢትዮጵያ ብረቷን ሁሉ ከባሕር ማዶ ታመጣ ነበረ ብሎ ያስብ ይሆናል። ይሁን እንጂ የወደብ መዝገብ የሚናገረው በወደብ ስለ ገባው ብቻ ነው፤ በገጠር ምድጃ ስለ ቀለጠው አይናገርም። በዐባይ ወንዝ ቍልቍል በሱዳን ባለችው በመርዌ ትላልቅ የብረት አር ክምሮች ይታያሉ፤ በዚያ የተደረገውም ምርመራ ብረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ይቀልጥ እንደ ነበረ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ስለ መርዌ ብረት የተባለው ብዙው ግምት ነበረ፤ እውነቱ የታወቀው ክምሩ ከተቈፈረ በኋላ ነው።

ወደ ጐጃም የሚያቀርበው ምስክር ግን በ6ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኮስማስ መጽሐፍ ነው። ኮስማስ አዱሊስን ያየ የእስክንድርያ ነጋዴ ነበረ። እርሱ እንደ ጻፈው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ነጋዴዎችን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ይልክ ነበር። የነጋዴዎቹም ቍጥር ከ500 በላይ ሲሆን፥ ይዘው የሚሄዱት በሬ፥ ጨውና ብረት ነበረ። ከአገሩ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ያጥሩና በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፥ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩም ሰዎች መጥተው በፈለጉት ዕቃ አጠገብ ወርቅ ያስቀምጡና ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው ወርቁ ካነሰው ይተወዋል፥ ከበቃው ይወስደዋል። ጕዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ወርቁን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ብረቱን ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ የተሠራበት ወርቅ በከፊል የተገዛው በብረት ነበረና፥ ያን ብረት ማን አቀለጠው? ከሰሜን በአህያና በበቅሎ ተጭኖ መጣን ወይስ በአገው ምድር በመንገዱ ዳር ባሉት ደጋዎች ቀለጠ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ብራና የለም። መልሱ የሚገኘው በእርሻ ድንበር ላይ ከተወረወረው ጥቍር ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ተመርምሮ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ ጋራ ሲተያይ፥ ከሰሉም ዘመኑን ሲናገር፥ የጐጃም ደጋ በዚያ ታላቅ ንግድ የነበረው ድርሻ ሊታወቅ ይችላል።

ጐጃም ለአንጥረኛ የሚከፍለው ሌላም ብድር አለበት። ይህ አገር በቅኔ ትምህርት የታወቀ ነው፤ ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ የሚባሉትን ስሞች የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። የቅኔውም ምስጢር ሰምና ወርቅ ይባላል። ይህ ስም የመጣው ከወርቅ ሠሪው ምድጃ ነው። ወርቅ ሠሪው የፈለገውን ምስል አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በላዩም ጭቃ ይመርግበታል። ጭቃው በእሳት ሲጠነክር ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ጭቃው ሲሰበር ሰም የነበረው ወርቅ ሆኖ ይገኛል። በነሐስ የሚሠራውም የመጾር መስቀል ብዙ ጊዜ የተሠራው በዚህ ብልሃት ነው። የቅኔ መምህራን ስለ ቃልና ስለ ምስጢር ሲያስተምሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኙም። እንግዲህ ሊቁ ጥበቡን የሰየመው ከአንጥረኛው እጅ በተቀበለው ቃል ነው። ከቅኔው ጋራ የተከበረው ግን ቃሉ ብቻ ሆኖ፥ እጁ ተናቀ።

ንቀቱንም መሸሸግ አይገባም። በአማራው አገር በብዙ ስፍራ ብረት ሠሪ ጠይብ፥ ቀጥቃጭ፥ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖረ። ማረሻውን ከእርሱ የሚወስደው ገበሬ ልጁን ለልጁ አይድርም፤ ዓይኑንም ይፈራል፤ በሌሊት ጅብ ይሆናል እያለ ያወራበታል። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ግን ስለ ገበሬ፥ ስለ አንጥረኛና ስለ ሸክላ ሠሪ የተነገረው ሌላ ነው፤ እነርሱ በሸንጎ ባይጠሩም ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቀመጥ ያስረዳል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ስድብን ለመከልከል ቻለ፤ ከልብ የገባውን ንቀት ግን በአንድ ቀን ለመንቀል አልተቻለም።

በዚህ ነገር አርኬኦሎጂ ታላቅ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ሰው ንቀቱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ፥ የማይለወጥ የአባቶች ሥርዓት ይመስለዋል። ነገር ግን የማቅለጫው ስፍራ በሥርዓት ቢቈፈር፥ የአንጥረኛው ቤት ከሌላው መንደር ተለይቶ ወይም ከመካከሉ መሆኑ ይታያል። የበላበት ሸክላና የጣለው አጥንት ከጐረቤቱ ጋራ አንድ መሆኑና አለመሆኑ ይለያል። መቃብሩም ከሌሎች ጋራ ቢገኝ ክብሩን ይነግራል። የታችኛው ዘመን ድርብ አንጥረኛው ከሰው መካከል እንደ ኖረ ቢያሳይ፥ የላይኛውም ድርብ ከመንደር እንደ ወጣ ቢያሳይ፥ ንቀቱ መጀመሪያ እንደ ነበረው ይገለጣል፤ መጀመሪያ ያለው ነገርም መጨረሻ ሊኖረው ይችላል። ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፥ ከወሬ ይልቅ እውነትን ማወቅ ይሻላል።

የዚህ ሥራ ጊዜ ግን እያጠረ ነው። በጐንደር አውራጃ በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በፈረንጅ ቍጥር ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከእነርሱም ጋራ ብዙ የእጅ ዕውቀት ሄደ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስፈሰሱበት ስፍራ አለ። በዚያ የተፈሰሰው፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እስከ መቅደላ ተጐትቶ በዚያ ቀርቷል፤ በተራራው ላይ የጐተቱት ሰዎችና በጋፋት ከሰል ያከሰሉት ሠራተኞች ስም ግን አልተጻፈም። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ማረሻ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፤ ቀይ ድንጋይ አቅልጦ ብረት የሚያወጣ ሰው በደጋው የለም። ስለ ወናፉ፥ ስለ ከሰሉና ስለ ድንጋዩ ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ በሕይወት ካለ፥ ቃሉ ሳይጻፍ ሊያልፍ አይገባም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ለተሰበሰበው ሕዝብ ሦስት ነገር ይቀርባል። አንደኛው፥ በእርሻው የብረት አር፥ የተሰበረ የሸክላ ቱቦ ወይም በእሳት የቀላ ጭቃ ያገኘ ገበሬ ነገሩን ከስፍራው አያንሣው፤ ለአጥር ወይም ለመንገድ ድንጋይ አያድርገው። ዕቃው ከተገኘበት ስፍራ ከተለየ ከመጽሐፍ እንደ ተቀደደ ቅጠል ነው፤ ፊደሉ ቢታይም ከምን በኋላ እንደሚነበብ አይታወቅም። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ መቈፈርን ይከለክላል፤ ጥንታዊ ቅርስ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ወርቅ አለ ብሎ በሌሊት የሚቈፍር ሰው ወርቅ አያገኝም፤ የአባቶቹን ታሪክ ግን ያጠፋል።

ሁለተኛው ለአለቆችና ለሰበካ ጉባኤ የሚነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ጣሪያው ይለወጣል፥ በሩ ይነቀላል፥ አሮጌው ምስማር፥ ማንጠልጠያ፥ የተሰበረ መስቀልና የተሰነጠቀ ደወል እንደ ቍርጥራጭ ብረት በሚዛን ይሸጣል። የተሸጠበት ዋጋ ለአንድ ቀን ሻማ አይበቃም። በመዶሻ የተቀጠቀጠ አሮጌ ምስማር ግን ብረቱ ከየትኛው ድንጋይ እንደ ወጣ ለመርማሪ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ብረት ከየትኛው በርና ከየትኛው መስኮት እንደ ተነቀለ ተጽፎበት በዕቃ ቤት ይቀመጥ።

ሦስተኛው ለሁሉም የሚነገር ነው። በመንደሩ ዳር ወናፉን እየነፋ የሚኖር አንጥረኛ ያለ እንደ ሆነ፥ ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከማን እንደ ተማረ፥ አያቱ ከየት እንደ መጣ፥ መሣሪያዎቹን ምን ምን ብሎ እንደሚጠራ መዝግቡ። የሚመጣው ኢዮቤልዩ ሲከበር የዚህ ደብር ታሪክ ዳግመኛ ይጻፋል። በዚያን ጊዜ ጕልት ከሰጠው መኰንንና ካስተዳደረው አለቃ ስም ቀጥሎ፥ መስቀሉን የሠራውና ማረሻውን የቀጠቀጠው ሰው ስም ቢገኝ፥ ምድር ብቻዋን ስትጠብቀው የኖረችው ታሪክ ከብራና ገባ ማለት ነው።

አምላክ የሚመጣውን ትውልድ የአባቶቹን እጅ ሥራ የሚያከብር ያድርገው።